ባለ 113 ሄክታሩ ትምህርት ቤት

ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው የገጠር መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አንጀኒ ይደርሳል። ምንጨት የሚባል ትንሽ ወንዝ፣ የጤፍና የገብስ ማሳ፣ ጥቂት የግጦሽ መሬት፣ በእርከን የተሸነሸነ ተዳፋት፤ መንገደኛን የሚያስቆም ነገር የለም። ወንዙ ከተፋሰሱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ግን በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ የውሃ ከፍታ መለኪያ ቆሟል። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የዝናቡ፣ የጎርፉና ጎርፉ ይዞት የሚሄደው አፈር መጠን እዚህ ሲለካ ቆይቷል። የተፋሰሱ ስፋት 113 ሄክታር ገደማ ነው። በኢትዮጵያ የውሃ ፖሊሲንና የተፋሰስ አስተዳደርን መማር የሚሻ ባለሙያ ከየትኛውም አዳራሽ በፊት መግባት ያለበት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንጀኒ ብቻዋን አይደለችም። የ1965ና የ66ቱ ረሃብ ካለፈ በኋላ በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ በምግብ ለሥራ እርከን ይሠራ ጀመር። ተራራው ሲቆፈር ግን ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብና የትኛው እርከን የትኛውን አፈር እንደሚይዝ የሚናገር ልኬት አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በ1974 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን ጀመሩ፤ መሪው ሃንስ ሁርኒ ነበር። የመጀመሪያው ጣቢያ ከደሴ አጠገብ ማይባር ላይ ተተከለ። በሰሜን ሸዋ ብርዳማ ደጋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በኢሉባቦር ዲዚ፣ በኤርትራ ደግሞ አፍደዩ ተከተሉት። ሁሉም ትንንሽ ናቸው። ማይባር ከአንጀኒ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ከሰፊዎቹ አንዱ የሆነው አንዲት ጥድ እንኳ 477 ሄክታር ነው። ትንሽ መሆናቸው ታስቦበት ነው፤ አንድ ሰው ከአናቱ እስከ ግርጌው በእግሩ ሊያዳርሰው የሚችለው ተፋሰስ ላይ ምክንያትና ውጤት አጠገብ ላጠገብ ይታያሉ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በክረምት ነው። ዝናብ ጥሎ ወንዙ መደፍረስ ሲጀምር የጣቢያው ሠራተኛ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን፣ መለኪያው ዘንድ ይወርዳል። በአንድ ሊትር ጠርሙስ ይቀዳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቀዳል፤ ጎርፉ እስኪጠራ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። በየጠርሙሱ ልክ የውሃው ከፍታና ሰዓቱ ይመዘገባል። የተቀዳው በማጣሪያ ወረቀት ተጣርቶ የቀረው ደለል ይደርቅና ይመዘናል። ከፍታው ምን ያህል ውሃ እንዳለፈ ያሳያል፤ ጠርሙሱ ደግሞ ያ ውሃ ምን ያህል አፈር እንደወሰደ ይናገራል። ተዳፋቱ ላይ 2 ሜትር በ15 ሜትር የሆኑ የታጠሩ መደቦች አሉ፤ ከየመደቡ የሚወርደው ጎርፍና አፈር ለብቻው ይጠራቀማል። የየማሳው ሰብልም ይመዘገባል። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ረቂቅ መሣሪያ አይፈልግም፤ ይህን መዝገብ ያቆዩት ሰዎች ለሀገራችን የውሃ ሳይንስ ያደረጉት አስተዋጽኦ በሚገባው መጠን ተነግሮለታል ብዬ አላምንም።

ከእነዚህ ጣቢያዎች ልኬት ተነሥቶ ሁርኒ የሰብል መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ገመተ። ቁጥሩ በብዙ የመንግሥት ሰነድና በብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ለባለሙያ ግን ከአማካዩ ይልቅ በውስጡ የተደበቀው የወራት ልዩነት ይጠቅመዋል። አንጀኒ ላይ ወንዙ አፈር አብዝቶ የሚሸከመው በክረምቱ መግቢያ ነው። በሰኔና በሐምሌ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ፣ ለጤፍ ለስልሶ፣ ራቁቱን ይቆያል። ነሐሴ ሲያልቅ ዝናቡ ገና እየጣለ፣ ወንዙም ሞልቶ ሳለ፣ የደለሉ ክምችት ይቀንሳል፤ ሰብሉ መሬቱን ሸፍኗልና። እንግዲህ አፈርን ስለማዳን የሚያወራ ሰው ስለ ጤፍ የእርሻ ድግግሞሽና ስለ መዝሪያ ቀን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። የውሃ መሐንዲስ ከአግሮኖሚ ባለሙያ ጋር አንድ ማሳ ላይ የሚገናኘው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ይበልጥ ያስደንቃል። እኩል መጠን ያለው ዝናብ ክረምቱ ሲገባ ሲጥል ወንዙ እምብዛም አይነቃነቅም፤ በነሐሴ ሲጥል ግን ይሞላል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ታሞ ስቴንሃውስና ባልደረቦቹ የአንዲት ጥድን፣ የአንጀኒንና የማይባርን መዝገብ ጎን ለጎን ሲመረምሩ፣ ከክረምቱ መጀመሪያ አንሥቶ ከትነት የተረፈው ዝናብ ተደምሮ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ተፋሰሱ ውሃውን እንደሚጠጣ፣ ከዚያ በኋላ ግን ከሚጥለው ግማሽ ያህሉን ወደ ወንዝ እንደሚሰድ አገኙ። ይህ ለዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሲነገር የነበረውን ሥዕል ይለውጠዋል። ጎርፍ የሚፈጠረው ኃይለኛ ዝናብ ተዳፋቱን ሲመታና አፈሩ መጠጣት ሲያቅተው ነው እንል ነበር። በእነዚህ ደጋዎች ጥልቅ አፈር ያለው ተዳፋት አብዛኛውን ዝናብ ያሰርጋል፤ ውሃው ከመሬት በታች ቁልቁል ይሄድና ግርጌው ላይ ያለውን ረባዳ ያጠግባል። ጎርፉ የሚነሣው ከጠገበው ረባዳና አፈሩ ታጥቦ አለት ከቀረበው ጎን ነው። ቦረቦር የሚቆርጠውም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ እርጥብ ግርጌ ነው።

ይህን የተረዳ ባለሙያ የመንግሥት ሕግ ሲያነብ ጥያቄው ይለወጣል። እስከ 2016 ዓ.ም. ሲሠራበት የቆየው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬትን በተዳፋትነቱ ይመድብ ነበር፦ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይከለክል ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው የጠረጴዛ እርከን ሲሠራለት ብቻ እንዲታረስ ይፈቅድ ነበር። ዓላማው መልካም ነበር፣ ተዳፋትም ለመለካት ቀላል ነው። ሆኖም መዝገቡ እንደሚያሳየው ጎርፉ የሚጀምርበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሜዳ ሊባል የሚችል ረባዳ ነው፤ ያ ቦታ በአዋጁ ሚዛን አያሠጋም ነበር። የአፈር ጥበቃ የሕዝብ ዘመቻ ጉልበት በየዓመቱ ጥርና የካቲት ወደ ተዳፋቱ ሲወጣ ግርጌው ላይ ያለው ቦረቦር ይሰፋል። ይህን ማየት የቻለ የወረዳ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምርበት ቦታ ይለወጣል።

እርከኑም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በ1978 ዓ.ም. አንጀኒ ላይ የተሠራው ፋኛ ጁ የተባለ እርከን አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚጣልበት ነው፤ በዓመታት ብዛት ተዳፋቱን ወደ ደረጃ መልክ ይለውጠዋል። ዝናቡ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትርን በሚያልፍበት በዚህ የጎጃም ደጋ ቦዩ በመጠኑ ዘንበል ብሎ ውሃውን በልዩ መውረጃ ካላስወጣ ማሳው ውሃ ይተኛበታል፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። በደረቁ የትግራይና የወሎ ቆላ ተመሳሳይ ቦይ ቀጥ ብሎ ውሃውን ቢይዝ ለሰብሉ በረከት ነው። ገበሬውም የራሱ አቤቱታ አለው፤ እርከኑ መሬት ይወስዳል፣ አይጥ ይራባበታል፣ በጠበበው ማሳ ላይ ጥማድ በሬ ማዞር ያስቸግራል። እነዚህን ቅሬታዎች እንደ እልኸኝነት የሚቆጥር ባለሙያ ትምህርቱን ገና አልጨረሰም።

ከዚህ ነው ወደ ውሃ ፖሊሲው የምንሻገረው። የ1991ዱ የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ውሃን የሚያየው በተፋሰስ ነው፤ ለሰውና ለእንስሳት መሠረታዊ ፍላጎት ቅድሚያ ይሰጣል። በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ ተጠቃሚ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዛል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታና የውሃ ወፍጮ ግን ፈቃድ አይጠየቁም። ይህ ተገቢ ነው። ዛሬ ግን በጣና ዙሪያ ገበሬው ከጉድጓድና ከወንዝ በትንሽ ሞተር ፓምፕ ያጠጣል፤ ፓምፑ ባህላዊ መስኖ ነው ወይስ ፈቃድ የሚያስፈልገው? መቶ ፓምፕ በአንድ ወንዝ ላይ ሲተከልስ? ለዚህ መልስ የሚሆነው በበጋ ወንዙ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ የለካ ሰው የያዘው መዝገብ ነው።

የምንጨት ውሃ በመጨረሻ ዓባይ ይገባል፤ ከአንጀኒ የታጠበ አፈርም በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የህዳሴ ግድብ ያመራል። የማይባር ውሃ በቦርከና አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ላይ ያለው ገበሬ ለእርከን የሰጠው መሬትና ጉልበት ታች ላለው ግድብ ዕድሜ ይጨምራል። ለዚያ ገበሬ ማን፣ በምን መንገድ ይክፈለው? በውሃ ፖሊሲ ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አላውቅም።

የሙያ ትምህርቱን የሚሰጡ ተቋማት አሉን። የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ተከፍቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1990 በጃፓን ድጋፍ የተጀመረው የከርሰ ምድር ውሃ ማሠልጠኛ ወደ ኢትዮጵያ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አድጓል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኮርኔልና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የከፈቱት የተፋሰስ አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ልዩ የሚያደርገው ተማሪዎቹ በራሳቸው ሀገር ተፋሰስ ላይ መመራመራቸው ነበር። በባሕር ዳር አቅራቢያ እንዳለችው አባ ገሪማ ያሉ መማማሪያ ተፋሰሶችም ገበሬን፣ ተመራማሪንና የወረዳ ባለሙያን አንድ ላይ የማስተማር ሐሳብ ይዘው የተነሡ ናቸው።

የሚያሳስበኝ የመዝገቡ ቀጣይነት ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ በኋላም ፈረሰ። የ1999ኙ አዋጅ የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣናትን አመጣ፤ በ2011 ሁሉም በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ሆኑ፤ በ2014 ሥልጣኑ ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተዛወረ። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ሠራተኛ ይበተናል፣ ሰነድ ይጓጓዛል፣ ከዚያ በፊት የተማረው ሰው ሌላ ሥራ ያገኛል። የጎጃምን ክረምት ጠባይ ለማወቅ ግን አሥር ዓመት እንኳ ያንሳል። የምርምር ጣቢያዎቹም ከፕሮጀክት ወደ ክልል የግብርና ምርምር ሲተላለፉ የመለኪያ ሥራው እንደ ቀድሞው ሳይቆራረጥ አልቀጠለም።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው ማኅበረሰብ አቀፍ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆንን ተፋሰስ የዕቅድ መነሻ ያደርጋል። በዚያ ልክ ዕቅድ የወጣላቸው ተፋሰሶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ መውጫቸው ላይ መለኪያ ያላቸው ግን በጣም ጥቂት። ስለዚህ የዓባይ፣ የአዋሽና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ጽሕፈት ቤቶች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ትንሽ ተፋሰስ ለራሳቸው ይዘው ይለኩ፤ አዲስ የተቀጠረ ባለሙያም የመጀመሪያ ክረምቱን እዚያ ያሳልፍ። የሚያስፈልገው የከፍታ መለኪያ፣ የዝናብ መለኪያ፣ ጠርሙስ፣ የማጣሪያ ወረቀት፣ ሚዛንና ማድረቂያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክረምት ከበጋ ደመወዙ የማይቋረጥበት የአካባቢው ሰው ነው።