የተበከለ ሥጋ፣ ዶሮና ወተት፦ እንዴት እንጠንቀቅ? ከታመምንስ መብታችን ምንድን ነው?

በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ በሬስቶራንት፣ በሥጋ ቤትና በከብት እርባታ የምትሠሩ ወንድሞች፣ ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላልና ወተት በየቀኑ በእጃችሁ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከማዕድ የተረፈውን የምትበሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ምግብ ሲበከል ቀድማችሁ ልትታመሙ ትችላላችሁ። የቤቱ ሰው ከታመመ ደግሞ «ምን አብልተሽን ነው?» የሚባለው ለእናንተ ነው። ይህ ጽሑፍ ብክለቱ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደምትከላከሉት፣ ከታመማችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁና ምን መብት እንዳላችሁ ያስረዳል።

ባክቴሪያው ከየት ይመጣል?

ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት በጤናማ ዶሮ አንጀት ውስጥ ሳይቀር ይኖራሉ፤ ዶሮው ሲታረድና ሲበለት ወደ ሥጋው ይዛመታሉ። ኢ-ኮላይ በከብት አንጀት ውስጥ አለ። ሥጋ ሲፈጭ ደግሞ ከላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው የተፈጨ ሥጋ ከሙዳ ሥጋ የበለጠ መብሰል ያለበት።

ብዙ ሰው «አሽትቼ አውቃለሁ» ይላል። የሚያሳምም ባክቴሪያ ግን ብዙ ጊዜ ሽታም፣ ቀለምም፣ ጣዕምም አይለውጥም። የሚሸት ሥጋ መጣል አለበት፤ የማይሸት ሥጋ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ትልቁ ችግር ሙቀት ነው። ባክቴሪያ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይራባል። ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ባክቴሪያ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል ማለት ነው። በባሕረ ሰላጤው የበጋ ሙቀት መኪና ውስጥ የቆየ ዶሮ ወይም ከኢፍጣር በኋላ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ሩዝ በሥጋ ለዚህ የተመቸ ነው።

በአካባቢው የደረሰ አደጋም አለ። በ2020 በዮርዳኖስ ዓይን አል-ባሻ በተባለ ቦታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሻዋርማ በልተው ታመዋል፤ የሞተም ነበር። በ2024 በሪያድ ደግሞ ከማዮኔዝ ጋር የተያያዘ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ የምግብ መመረዝ ደርሷል።

ወጥ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

• የተበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ክፍሉ ወይም ውጭው በጣም ሞቃት ከሆነ (ከ32 ዲግሪ በላይ) ከ1 ሰዓት በላይ አታቆዩት።

• ጥሬ ሥጋንና ዶሮን በፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ፈሳሹ ሰላጣ ላይ ከተንጠባጠበ ሰላጣው አይበስልምና ያሳምማል።

• ለጥሬ ሥጋና ለአትክልት የተለያየ መክተፊያ ተጠቀሙ። አንድ ብቻ ካለ መጀመሪያ አትክልቱን ክተፉ፣ ከዚያ ሥጋውን፤ ሲያልቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

• ዶሮን በቧንቧ ሥር አትጠቡ። የሚረጨው ውሃ ባክቴሪያውን ወደ ማጠቢያው፣ ወደ ልብሳችሁና ወደ ሌላ ዕቃ ይወስደዋል። ማዳም በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ይታጠብ ካለች፣ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳይረጭ ቀስ ብላችሁ እጠቡትና ማጠቢያውን ወዲያው በሳሙና አጽዱ። ሎሚና ኮምጣጤ ሽታ ይቀንሳሉ እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፉም። የሚያጠፋው እሳት ነው።

• ዶሮ አጥንቱ ጋ ሮዝ ቀለም ወይም ደም ካለው ወደ እሳቱ መልሱት። በቤቱ የሥጋ ቴርሞሜትር ካለ መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት።

• ከፍሪዘር የወጣውን ሥጋ ማታውኑ ወደ ፍሪጅ አውርዱት እንጂ ባንኮኒ ላይ አታሳድሩት።

• መብራት በሚጠፋበት አገር፣ ለምሳሌ በሊባኖስ፣ ፍሪጁን አትክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሥጋ፣ ወተትና የተረፈ ምግብ መጣል አለበት።

የተረፈ ምግብ ስትበሉ እስኪያጤስ አሙቁት። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ስታፍሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ምግቡ ውጭ ሲቆይ የሚያመርተው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ውጭ ያደረን ሥጋ ማሞቅ ብቻ አያድንም።

ጥሬ ሥጋና ጥሬ ወተት

እኛ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ እንወዳለን። ሊባኖሶችም ክቤ ነዬ የሚሉት ጥሬ ሥጋ አላቸው። እዚህ ያለው ሥጋ ግን መቼ እንደታረደ፣ ስንት ቀን እንደተጓዘ፣ ማን እንደነካው አታውቁም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ተፈጭቶ የተቀመጠን ሥጋ በጥሬው አትብሉ። እርጉዝ የሆናችሁ ደግሞ ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ፈጽሞ አትንኩ፤ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

በግመል፣ በፍየልና በበግ እርባታ የምትሠሩ ወንድሞች፣ ለእናንተ ትልቁ ስጋት ብሩሴላ ነው። ያልተፈላ ወተት በመጠጣት፣ ወይም እንስሳ ሲወልድና ሲጨነግፍ በባዶ እጅ በመንካት ይይዛል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም፣ ድካም አለው። ብዙ ሰው «ጉንፋን ነው፣ ሥራ ነው ያደከመኝ» ብሎ ወራት ያሳልፋል። በዓረብኛ «ሁማ ማልጢያ» ይባላል። ለሐኪሙ ይህን ቃልና ከእንስሳት ጋር እንደምትሠሩ ንገሩት፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። መድኃኒቱ ቢያንስ 6 ሳምንት ይወሰዳል። ሲሻላችሁ ካቋረጣችሁት ይመለሳል። ወተቱን አፍልታችሁ ጠጡ፤ ጓንትም ጠይቁ።

ከታመማችሁ

ተቅማጥና ትውከት ሲኖር መጀመሪያ የሚያጠቃው የውሃ እጥረት ነው። ፋርማሲ ኦአርኤስ በሉና በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ማንኪያው ሞልቶ የተቆለለ ሳይሆን ልሙጥ ይሁን፤ ጨው መብዛት አደገኛ ነው። ቀስ እያላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ሳትቆዩ ሐኪም ጋ ሂዱ፦

• ተቅማጡ ደም ካለው
• ከፍተኛ ትኩሳት ካለ
• የጠጣችሁት ሁሉ የሚወጣ ከሆነ
• ሽንት ከቀነሰ ወይም በጣም ከጠቆረ፣ ስትነሱ ከዞረባችሁ
• ከ3 ቀን በላይ ከቆየ
• እርጉዝ ከሆናችሁ
• ዓይን ሁለት ሁለት ካየ፣ መዋጥ ወይም መናገር ካቃተ (ይህ የቦቱሊዝም ምልክት ስለሆነ ወዲያው አምቡላንስ ያስፈልጋል)

ደም ያለው ተቅማጥ ሲኖር ተቅማጥ ማስቆሚያ ኪኒን አትውሰዱ። ጓደኛ የሰጣችሁን አንቲባዮቲክም አትጀምሩ፤ አንዳንዱን ኢንፌክሽን ያባብሳል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል።

የአምቡላንስ ቁጥር፦ ሳዑዲ 997፣ ኤሚሬትስ 998፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኩዌት 112፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ (ቀይ መስቀል) 140።

የሚጠቅሙ የዓረብኛ ቃላት፦
• «አና መሪዳ» — ታምሜያለሁ (ወንድ ከሆነ «አና መሪድ»)
• «በጥኒ ዩጂዕኒ» — ሆዴን ያመኛል
• «ፊ ደም» — ደም አለው
• «አብጋ ሙስተሽፋ» — ሆስፒታል መሄድ እፈልጋለሁ
• «ሀዳ አል-ለህም ኸርባን» — ይህ ሥጋ ተበላሽቷል

መብታችሁ

ምግብና ሕክምና አሠሪው በደግነት የሚሰጣችሁ ሳይሆን ግዴታው ነው። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68፣ 2015) እና የኳታር ሕግ (ቁጥር 15፣ 2017) አሠሪው ምግብ፣ መኖሪያና ሕክምና እንዲያቀርብ ያዝዛሉ። በኤሚሬትስ በ2022 የወጣው ሕግ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን በሙሉ ደመወዝ ነው። በሳዑዲም በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ አለ። በሊባኖስ የቤት ሠራተኞች በሠራተኛ ሕጉ ባይካተቱም፣ የፈረማችሁት ውል ምግብና ሕክምና የአሠሪው ኃላፊነት እንደሆኑ ይናገራል። የሐኪም ወረቀት ሁሌም ተቀበሉ፤ በስልክም ፎቶ አንሱት።

ተቅማጥ እያለባችሁ ለሌላ ሰው ማብሰል የለባችሁም። ከቆመ በኋላም 48 ሰዓት ብትቆዩ ይመረጣል። ለማዳም «ለልጆቹ እንዳላስተላልፍ ነው» ብላችሁ ንገሯት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከ«ደክሞኛል» ይልቅ ይሰማል።

የቤቱ ሰው ታሞ እናንተ ከተወቀሳችሁ

ይህ የብዙ እህቶች ፍርሃት ነው፤ በነገሩ እስከ ፖሊስ የሚደርስ አለ። እነዚህን አስታውሱ።

አንደኛ፣ የታመመ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ምግብ ነው። የስታፍሎኮከስ መርዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲያሳምም፣ ሳልሞኔላ ግን ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን፣ ካምፒሎባክተር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ የታመመ ሰው ከትናንት በስቲያ ሬስቶራንት በበላው ሊሆን ይችላል። ያለ ምርመራ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛ፣ የተረፈውን ምግብ በድንጋጤ አትጣሉ። ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ከተመረመረ ነጻ የሚያወጣችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። ምግቡ መቼ እንደተገዛ፣ መቼ እንደበሰለ፣ ስንት ሰዓት ውጭ እንደቆየ ጻፉ። የፓኬቱን ቀን ፎቶ አንሱ። ቀኑ ያለፈበትን አብስይ ተብላችሁ ከነበረም ይህ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ማንበብ የማትችሉት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ፖሊስ ከመጣ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ እንዲነገርላችሁም ጠይቁ። ኤጀንሲያችሁንም አሳውቁ፤ በኢትዮጵያ ሕግ ውሉ ሲጣስ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር ተጠያቂ ነው። የኤምባሲውንና የአንድ የምታምኑትን ሰው ቁጥር ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጽፋችሁ ያዙ፤ ስልክ ሊወሰድ ይችላል።

የተበላሸ ምግብ ብላ ወይም ብዪ ከተባላችሁ እምቢ ማለት ነውር አይደለም። ታሞ መሥራት አይቻልም፤ ሳይሠራ ደግሞ ለቤተሰብ የሚላክ የለም።