ጥቁሩ ጭስ እና የማይታየው ጋዝ

ሰሞኑን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ወደ መርካቶ የሚወጣ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ ሲተፋ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ «ዓለምን የሚያሞቀው ይሄ ጭስ ነው፤ ኦዞንን እየቀደደ» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። የአካባቢ መሐንዲስ ነኝና ይህን ሳላርም ማለፍ አልችልም።

ጥላሸቱ ሳንባ ይጎዳል፣ ሙቀትም ይጨምራል፤ ግን በቀናት ወይም በሳምንታት ከአየር ይወርዳል። የዓለም ሙቀት መጨመር ዋናው ምክንያት ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ናፍጣ፣ ቤንዚንና የድንጋይ ከሰል ሲነድ፣ ደንም ሲመነጠር ይወጣል። ከምድር ወደ ሕዋ የሚመለሰውን ሙቀት ይይዛል፤ ከፊሉ ለመቶዎች ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፏል።

ሙቀት የሚይዝ ሌላ ጋዝ፣ ሜቴንም አለ፤ ከከብቶችና ከቆሻሻ ክምር ይወጣል። ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ስለሆነ እሱን መቀነስ ቶሎ ውጤት ያሳያል።

የኦዞን መሳሳት ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ምክንያት የኦዞን ሽፋኑ እያገገመ ነው።

ሙቀቱን ማዘግየት ይቻላል? አዎ! የካርቦን ልቀት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሙቀቱ መጨመሩን ያቆማል፤ የሞቀው ግን ቶሎ አይበርድም። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከባዱ ሥራ የትልልቆቹ አገሮች ነው። እኛ ግን ጥሩ ዕድል አለን፦ ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ነው። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የምደግፈው ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ቀጣዩ ትኩረት ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱት ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች ላይ መሆን አለበት።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪም ቢሆን እመልሳለሁ።