ድርቅ የሚችል በቆሎ እንዴት ይወለዳል?

በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ማሳዎች በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ዝናቡ በአበባ ሰዓት እንዳይቋረጥበት ነው። ቡቃያው ለሳምንት ያህል ቢጠማ ዝናብ ሲመለስ ያገግማል። ፍሬ ከያዘ በኋላ የሚመጣ ጥም እህሉን ያቀጭጨዋል እንጂ ጨርሶ አያሳጣም። በአበባው ወቅት የሚመጣ የሁለት ሳምንት ጥም ግን አገዳው እንደቆመ ቆረቆንዳውን ባዶ ያስቀረዋል። ድርቅን የሚቋቋም ዝርያ የማውጣት ሥራ ከምንም በላይ የሚያተኩረው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ላይ ነው።

ነገሩ የሚመነጨው ከተክሉ አፈጣጠር ነው። የስንዴና የጤፍ ወንዴና ሴቴ ክፍል አንድ አበባ ውስጥ አብሮ ያድራል። በቆሎ ግን ወንዴውን አናቱ ላይ፣ ሴቴውን አገዳው ወገብ ላይ ለያይቶ ያበቅላል። ከአናቱ የሚረግፈው የአበባ ብናኝ በነፋስ ተጉዞ ከሽፋኑ ጫፍ ብቅ ባለው ፀጉር ላይ ማረፍ አለበት። እሸት ስንልጥ ጠቅልለን የምንጥለው ያ ፀጉር ትልቅ ሥራ ያለው ነው፤ እያንዳንዱ ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብናኝ ያልደረሰው ክር ፍሬ አይሰጥም። አንድ ተክል ብናኙን የሚያረግፈው ለአንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ውሃ ሲያጥር ወንዴው እምብዛም ሳይዘገይ ያብባል፤ ፀጉሩ ግን ለመርዘም ብዙ ውሃ ስለሚሻ ወደ ኋላ ይቀራል። እሱ ሲወጣ ብናኙ አልቆ ይጠብቀዋል። የቆረቆንዳው ጫፍ ፀጉር ደግሞ ከሁሉም በኋላ የሚወጣ በመሆኑ፣ በደረቅ ዓመት የሚሰበሰብ በቆሎ ብዙ ጊዜ ጫፉ ፍሬ አልባ ይሆናል።

ይህን መዘግየት መለኪያ አድርጎ ዝርያ መምረጥ በሰፊው የተጀመረው በሜክሲኮ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970ዎቹ የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የሲሚት፣ ተመራማሪዎች ቱክስፔንዮ የተባለውን የቆላ በቆሎ ዝናብ በማይጥልበት ወራት በመስኖ ዘሩ። አበባው ሲቃረብ ውሃውን ሆን ብለው ዘጉት። ከዚያም በጥሙ ውስጥ ወንዴና ሴቴው ሳይራራቁ ያበቡትን፣ ቅጠላቸው ቶሎ ያልደረቀውንና ፍሬ የሰጡትን ብቻ እየለዩ አዳቀሉ። ይህንኑ ስምንት ዙር ደጋገሙት። ብዙ ሰው ድርቅ የሚችል ተክል ሲባል የሚያስበው ሥሩን አጥልቆ ብዙ ውሃ የሚስበውን ነው። ስምንተኛው ዙር ሲመረመር ግን በቆሎው ከበፊቱ የተለየ ውሃ አልሳበም፤ እንዲያውም የላይኛው አፈር ውስጥ ያለው ሥሩ ቀንሶ ተገኘ። የአናቱ ወንዴ አበባም አነሰ። ተክሉ ያለውን ጥቂት ጉልበት ወደ ሴቴዋ መላክን ተምሯል፤ ፀጉሩ በጊዜው ወጣ፣ ምርቱም ጨመረ።

ዛሬም ምርጫው በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ሲሚት በኬንያ ኪቦኮ በሚገኝ የምርምር ጣቢያ በደረቁ ወራት ውሃ እየከለከለ በርካታ መስመሮችን ይፈትናል። አዳቃዩ ፀጉሩ ብቅ ሳይል ሴቴዋን በወረቀት ከረጢት ይሸፍናል፤ ነፋስ የማይፈለግ ብናኝ እንዳያመጣባት ነው። ወንዴውንም በሌላ ከረጢት ያስርና ብናኙን ሰብስቦ በእጁ ያራግፍባታል። ተክሉን ከራሱ ጋር እያዳቀሉ ንጹሕ የወላጅ መስመር ለማግኘት ስድስትና ሰባት ትውልድ ያስፈልግ ነበር። በ2013 ኪቦኮ ላይ የተከፈተው ላቦራቶሪ ጊዜውን ወደ ሁለት ወቅት አሳጥሮታል። ከዚያ በኋላ መስመሮቹ እርስ በርስ ተዳቅለው የተገኘው ድቅል በድርቅ ማሳ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ በተሟላበትም ማሳ ይፈተናል፤ ገበሬው ሲዘራ ዓመቱ ምን ዓይነት እንደሚሆን ስለማያውቅ፣ በጥሩ ዓመት የሚያሳፍር ዘር አይበጀውም።

በሀገራችን የቆላው በቆሎ ምርምር ዋና ቤት ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ዝናብ አጠር ለሆነ አካባቢ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቶሎ ደርሶ ከድርቁ ማምለጥ ነው። መልካሳ-1 በ90 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ በ2006 የተለቀቀው መልካሳ-4 ደግሞ ጥቂት ሳምንት ይጨምራል። እነዚህ ድቅል ስላልሆኑ ገበሬው ከማሳው መርጦ ዘር ማስቀረት ይችላል። ጉዳታቸው አጭር ዕድሜ ያለው በቆሎ ዝናብ ሲበዛ የተትረፈረፈ ምርት አለመስጠቱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጥሙን ችሎ መቆየት ሲሆን፣ በ2012 የወጣው ኤም ኤች-130 የተባለው ድቅል ለዝናብ አጠር አካባቢዎች ከቀረቡት አንዱ ነው። ድቅል ግን በየዓመቱ ዘሩ መገዛት አለበት፤ ከራሱ ምርት ቢዘራ ኃይሉ ይወርዳል።

ደግሞም ድርቅ ብቻውን አይመጣም። የደከመ አፈር ናይትሮጅን ስለሚያንሰው፣ አዳቃዮች ሆን ብለው ማዳበሪያ በነፈጉት መሬት ላይም ዝርያውን ይፈትናሉ። በ2011 ኬንያ ላይ የታየው ሁለት ቫይረሶች ተባብረው የሚያመጡት ገዳይ የበቆሎ በሽታ በ2014 ኢትዮጵያ ገባ፤ በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች ተከተለው። ስለዚህ አንድ ዘር ጥሙን፣ የአፈር ድህነቱን፣ በሽታውንና ተባዩን አብሮ እንዲችል መጠየቁ አይቀርም። አዳቃዩም አንዱን ባሕርይ ሲያስገባ ሌላው እንዳያመልጠው ይጠነቀቃል።

እነዚህ ዘሮች ተአምር አይሠሩም። ዝናብ ጨርሶ በቀረበት ዓመት የትኛውም በቆሎ አያፈራም። የሚችሉት ዝናቡ በተቆራረጠበት ዓመት ባዶ ጎተራ ይሆን የነበረውን ለቤተሰብ ቀለብ የሚበቃ እህል ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ በቆላ ለሚኖር ቤተሰብ በሬን ሸጦ እህል በመግዛትና ባለመግዛት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ችግሩ ጥሩ ዘር ከጣቢያ ወጥቶ ገበሬው ደጅ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በ1993 የተለቀቀው ዝነኛው የባኮ ምርምር ማዕከል ድቅል ቢኤች-660፣ ተተኪው ቢኤች-661 በ2011 ከተለቀቀ በኋላም ለዓመታት በብዙ ማሳ ላይ ቆይቷል። በአየር ለውጥ ዘመን የዛሬ 20 ዓመት ዘር ለዛሬ ሰማይ አልተፈተነም። ስለዚህ ምርምሩ የሚገባውን ያህል ገንዘብ ማግኘት፣ ዘር አባዢውም አዳዲሶቹን ቶሎ ማባዛት አለበት። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ለገበሬው ስለ ምርቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ዘሩ በስንት ቀን እንደሚደርስና የአበባ ሰዓት ጥምን እንዴት እንደሚያልፍ ሊነግረው ይገባል። አዳቃዩ ጥሙን በማሳው ፈጥሮ የሚፈትነው ገበሬው ላይ ሲመጣ ዘሩ እንዳይከዳው ነውና፣ ያ ልፋት በጣቢያ መጋዘን ውስጥ ሊቀር አይገባም።