ማሽኑ እስኪመጣ ልጆቻችንን ምን እንንገር?

ሰው ሳይነዳው ፈንጂ እያፈነዳ የሚያልፍ ተሽከርካሪ በቴሌቪዥን ያየ ልጅ «ይሄ ካለ ታዲያ ሰው ለምን ይጎዳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔም በልጅ ልጆቼ ተጠይቄአለሁ።

ፈንጂን በሰንሰለት እየደበደቡ ማፈንዳት አዲስ ነገር አይደለም። በ1944 እ.ኤ.አ. ኖርማንዲ የዘመቱ የእንግሊዝ ታንኮች ከፊታቸው በተገጠመ ሰንሰለት ፈንጂ ይጠርጉ ነበር፤ ወታደሮቹ ግን ውስጣቸው ተቀምጠው ነው። የዛሬዎቹ ሰውን ከውስጥ አስወጥተዋል። የክሮኤሺያው ኤምቪ-4 ከ5 ቶን በላይ ይመዝናል። ጫፋቸው ላይ መዶሻ ያላቸው ሰንሰለቶቹ በፍጥነት እየተሽከረከሩ መሬቱን ሲቀጠቅጡ ፈንጂው ይፈነዳል ወይም ይሰባበራል። ሠራተኛው ራቅ ብሎ በሪሞት ያዘዋል። የአሜሪካ ጦርም ኤም160 በሚል ስም አፍጋኒስታን ውስጥ ተጠቅሞበታል።

ሆኖም ማሽኑ ብቻውን አይታመንም። ገደልና ቋጥኝ ያስቸግሩታል። ሳይፈነዳ የተሰበረ ወይም ወደ ጎን የተወረወረ ፈንጂም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከኋላው የብረት መፈለጊያ የያዙ ባለሙያዎች ወይም የሠለጠኑ ውሾች ይገባሉ።

ደግሞም ማሽኑ የተሠራው በዋናነት ለተቀበረ ፈንጂ ነው። በአገራችን ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ልጆችን የሚያሰጋው ግን ሜዳ ላይና ፍርስራሽ ውስጥ የቀረ ያልፈነዳ ቦምብም ነው። ትንሹ ልጅ መጫወቻ ይመስለዋል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ተሽጦ ገንዘብ የሚያመጣ ብረት።

እኔ ለልጅ ልጆቼ የምነግራቸው አጭር ነው። የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አትርገጡ፣ ድንጋይም አትወርውሩበት። ካያችሁ ቁሙ፤ ጓደኞቻችሁን አስጠንቅቁ፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለአዋቂ ንገሩ።

ለእኛ ለአዋቂዎችም ድርሻ አለን። ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ እናሳውቅ እንጂ «ከልጆች ላርቀው» ብለን በእጃችን አናንሣ። ልጁ «አየሁ» ሲለን ደግሞ «እዚያ ምን ወሰደህ?» ብለን አንቆጣው፤ ቁጣ የፈራ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ይላል።

ለክረምት ልጆቻችሁን እንዲህ ወዳለ አካባቢ ዘመድ ጋ የምትልኩ ካላችሁ፣ ይህን ከጉዞው በፊት ንገሯቸው። ጎርፍ ፈንጂን ከተቀበረበት አንሥቶ ሌላ ቦታ ሊጥለው ይችላልና፣ አምና በደኅና የተሄደበት መንገድ ዘንድሮም ደኅና ነው ማለት አይቻልም።