ፖሊስ እስከ ገደብ

«ገደብ» ለአማርኛ ጆሮ ወሰን ነው፤ ከዚህ ወዲያ አይታለፍም የሚል ቃል። የጌዴኦ ዞኗ ገደብ ወረዳ ስሟን ከዚህ አመጣች አልልም። ስለ ክልል ፖሊስ ለሚጽፍ ሰው ግን አጋጣሚው አይናቅም። ከወረዳዋ ድንበር ማዶ የኦሮሚያ ክልል፣ የጉጂ ምድር ነው። ቡናው ያው ቡና ነው፤ የፖሊሱ አለቃ ግን ሌላ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከጣልያን መባረር በኋላ፣ በ1934 የወጣው የፖሊስ አዋጅ መላ አገሪቱን የሚጠብቅ አንድ ኃይል አቋቁሞ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሰጠው። ዲላ ያኔ የደራሳ አውራጃ ዋና ከተማ ናት፤ አውራጃው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበር ትእዛዙ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሲዳሞ በኩል ይወርዳል። ሥልጣን እንዲህ በአንድ እጅ ሲከማች አደጋም አለው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከጠንሳሾቹ አንዱ ራሳቸው የፖሊስ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ነበሩ፤ ሕይወታቸውም በዚያው አለፈ።

ሰንሰለቱን የቆረጠው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አደራጅተው እንዲመሩ ሥልጣን ሰጠ፤ ፌዴራል ፖሊስ ለብቻው ቆመ። ከዚያ ወዲህ የገደብ ነዋሪ ቃሉን የሚሰጠው ለወረዳው ፖሊስ ነው። ከወረዳው በላይ ዲላ ያለው የዞኑ ፖሊስ መምሪያ፣ ከመምሪያው በላይ የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን አለ። ማዕረጉ ከኮንስታብል ጀምሮ በሳጅን፣ በኢንስፔክተርና በኮማንደር አድርጎ ኮሚሽነር ይደርሳል። ቀበሌ ላይ ሚሊሻው ያግዛል። መርማሪው የያዘውን ተጠርጣሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚወስደው ጊዜ ግን አይታሰብበትም።

ክልሉ ራሱም አልረጋም። የኳስ ወዳጅ በፕሪሚየር ሊግ የሚያስታውሰው «ደቡብ ፖሊስ» ስሙን የወሰደበት፣ ጌዴኦም የነበረበት ደቡብ ክልል ዛሬ የለም፤ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ከእርሱ ወጡ። ነሐሴ 2015 ላይ ጌዴኦ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ተካተተ። በዚያው ዓመት መጋቢት የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ተወስኖ ነበር።

ይህ ሁሉ ለውጥ ከመምጣቱ በፊት፣ የክልል ፖሊስ አወቃቀር በ2010 ክፉኛ ተፈትኖ ነበር። በሚያዝያና በሰኔ በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ፤ ብዙ ሰው ገደብ ላይ ተጠለለ፣ የወረዳዋ ጎቲቲም በተፈናቃይ ተጨናነቀች። ጠቡ ክልል አይለይም፤ ፖሊሱ ግን ለክልሉ የተቋቋመ ነው። ከአቅም በላይ ለሆነ ነገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መንገድ አስቀምጧል፤ ክልሉ ሲጠይቅ የፌዴራሉ መንግሥት መከላከያን ያሰማራል። መጠየቁና መድረሱ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ጎጆ ለማቃጠል የሚፈጀው ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው።

ድንበሩን ከፖሊስ በፊት ተሻግሮ የሚያውቅ ሌላ ሥርዓት አለ። ደም ሲፈስ የጌዴኦና የጉጂ ሽማግሌዎች ጎንዶሮ በሚሉት የመንጻትና የእርቅ ሥርዓት ወገኖቹን ያስታርቃሉ፤ በጌዴኦ በኩል ሸንጎው ሶንጎ ይባላል። ፖሊስም በማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል ሥራው የሽማግሌዎችን በር ያንኳኳል። ሆኖም ነፍስ የጠፋበት መዝገብ በእርቅ አይዘጋም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ መርማሪው ፋይሉን ይዞ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።