ነርቭን የሚሰማው ነጭ የደም ሕዋስ

ደምበጫ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እግሩን እሾህ ወግቶት ቁስሉ ሲያመረቅዝ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይወጣል። ሲዳስሱት ድቡልቡል፣ ጠጠር ያለ፣ የሚያም። ልጅ ሳለሁ ቁስሉ ወደ ላይ የወጣ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ቦታ ያለው እጢ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባዙበት ጓዳ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ቲ ሕዋስ የሚባለው፣ ባዕዱን ሲለይ መከፈል ይጀምራል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በጥቂት ቀን ሺዎች ይሆናል።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ወደዚያ ጓዳና ወደ ጣፊያ የነርቭ ክሮች መግባታቸው ነው። ቲ ሕዋሱም በሽፋኑ ላይ የነርቭን መልእክተኛ ኬሚካሎች የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉት፤ የኖርአድሬናሊን፣ የዶፓሚን፣ የሴሮቶኒን፣ የአሴቲልኮሊን። በደንብ ከተጠኑት አንዱ ቤታ 2 ነው። አስም ያለበት ሰው የሚስበው ሳልቡታሞል ሳንባ ውስጥ የሚይዘው ተቀባይም ይኸው ነው። ኖርአድሬናሊን ቲ ሕዋሱ ላይ ሲያርፍበት ውስጡ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ ሕዋሱ ለመባዛት የሚያስፈልገው ኢንተርሉኪን 2 ያንሳል፤ መከፈሉም ይዘገያል። ሴሮቶኒን ደግሞ በራሱ ተቀባይ በኩል መባዛቱን ሊያግዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአይጥ ጣፊያ ውስጥ አሴቲልኮሊን ራሳቸው የሚያመርቱ ቲ ሕዋሳት ተገኙ፤ ሰሚው ተናጋሪም ነው ማለት ነው።

ቲ ሕዋስ ለደምበጫ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው ዝሆኔ እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚያው ዓመት እነ ፋሲል ተኮላ አየለ የተባሉ ተመራማሪዎች ወላይታ ላይ ባካሄዱት ጥናት ለዚህ በሽታ መጋለጥ ኤችኤልኤ ከሚባሉ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አረጋገጡ። ከእነዚህ ጂኖች የሚሠሩት ፕሮቲኖች ሥራ ባዕድ ነገርን ይዞ ለቲ ሕዋስ ማሳየት ነው።

የዝሆኔ ሕክምና ግን የሚጀምረው ከእግር ነው። በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ በጣቶቹ መሃል ያለውን እርጥበት በደንብ አድርቆ፣ ቫዝሊን ቀብቶ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይህ የተጓደለበት እግር በስንጥቁ ጀርም ገብቶ ድንገት ሲያተኩስና ሲነድ፣ ብሽሽት ላይ ያው የልጅነቱ ንፍፊት ብቅ ይላል።