«ፈርመሻል እኮ» እና ሌሎች የሕክምና ስህተት ተረቶች

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ውስጥ አንድ ሰው መርፌ ተወግቶ እግሩ ቢሰንፍበት፣ ከሐኪም በፊት ፍርድ የሚሰጠው ጎረቤት ነው። ግማሹ «የመጣበት ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል፤ ግማሹ «ሲስተሯን ክሰሳት!» ይላል። ሁለቱም ሕጉን ስተውታል።

«የባሰበት ሁሉ የተበደለ ነው» የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ፈውስ ግን ዋስትና የተሰጠበት ነገር አይደለም። ደንቡ ተጠብቆም ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል። መለኪያው ነርሷ ማድረግ የነበረባትን አድርጋለች ወይ የሚለው ነው።

መርፌውን እንውሰድ። መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ከላይ ወደ ውጪ ባለው ሩብ ላይ እንዲያርፍ ነርሶች የሚማሩት በከንቱ አይደለም፤ እስከ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ፣ ሳያቲክ የሚባለው፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ስለሚያልፍ ነው። መርፌው ዝቅ ብሎ ወደ መሃል ተወግቶ፣ ታካሚው እዚያው እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ተሰምቶት፣ ከዚያም የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ማንሳት ካቃተው፣ «ሕመሙ ጠንቶበት ነው» ተብሎ አይታለፍም። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ካርዱ ላይ ተጽፎ ሳለ ፔኒሲሊን የተሰጠው ሰውም ያው ነው።

«ፈርመሻል እኮ፣ ምን ብለሽ ትከሻለሽ?» ሌላው ማስፈራሪያ ነው። ፊርማው ሕክምናው እንዲደረግ መፍቀድና የተነገረውን አደጋ ማወቅ ነው። ለቸልተኝነት የፈረመ ታካሚ የለም።

«ሲስተሯ ምን አላትና ልክሰሳት?» የሚሉም አሉ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ ግን መልስ አለው። በቁጥር 2651 መሠረት ተቋሙ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው በታካሚ ላይ ላደረሱት ጉዳት ኃላፊ ነው። ጥፋቱ በመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ላይ የተፈጸመ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 2126 መንግሥትን ለመጠየቅ በር ይከፍታል። በእኔ እምነት ይህ ፍትሐዊም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍል ለአንዲት ነርስ ጥሎ የሄደው ተቋም ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይገባም።

የካሳው መጠን ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የሕክምና ወጪና ወደፊት የሚቀር ገቢ ይታሰባል። የሞራል ካሳ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ስድብ ነው።

«በወንጀል ነፃ ከወጣች አበቃ» ማለትም ስህተት ነው። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 እና 559 በቸልተኝነት መግደልንና አካል መጉዳትን ይቀጣሉ፤ ጥፋተኛው ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት ካሳውን የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀል ነፃ መባሉ አያስገድደውም። የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴም አቤቱታ መርምሮ በፈቃድ ላይ እርምጃ ሊያስወስድ ይችላል፤ ካሳ ግን አይፈርድም።

አቤቱታው የት ይቅረብ? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ጉዳቱ እዚያው ጤና ጣቢያ ከደረሰ ክሱ ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ይሄዳል፤ የሥራ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ነው። ሪፈር ተጽፎለት ጳውሎስ ወይም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጎዳ ሰው ግን ክርክሩ ከፌዴራል ተቋም ጋር ስለሆነ የሚሄደው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያቃተው በደሃ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል።

ማስረጃው ካርዱ ነው፤ የትኛው መድኃኒት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ እንደተሰጠ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። የካርዱን ቁጥርና የተረኛዋን ስም ይጻፉ፣ የሕክምና ማስረጃ በጽሑፍ ይጠይቁ። ተቋሙ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት ካርዱ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። «ሲሻለኝ እከሳለሁ» ብለው ግን አይዘግዩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 የካሳ ጥያቄ ይርጋ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ 2 ዓመት ነው፤ የሚረዝመው ድርጊቱ ከዚያ የበለጠ ይርጋ ያለው ወንጀል ሲሆን ብቻ ነው።